የትልቋ እህት ፖምፓ

በሐይቅ ከተማና በአምባሰል እኔ ሳልነካው ያረጀ መኪና የለም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ለመኩራራት ነው። የትምህርት ቤት ግቢ የረገጥኩት የተማሪዎች አውቶቡስ ቆሞባቸው ሊያስጠግኑኝ የጠሩኝ ዕለት ነው። ፊደል የለየሁት በጭነት መኪኖች ግንባር ላይ ከሚጻፈው ጥቅስ ነው። እንዲያም ሆኖ ከወልዲያና ከኮምቦልቻ የተማሩ መካኒኮች መንገድ አቋርጠው መጥተው «ጋሽ ይመር፣ ይቺን እስቲ ስማት» ይሉኝ ነበር። እሰማለሁ። መኪናው ገና ከደሴ በኩል ዳገቱን ሲወርድ በር ላይ ቆሜ የትኛው ሲሊንደር እንደደከመ እናገር ነበር። ጆሮዬ ዛሬም አለ። የሄደው እጄ ነው።

ዘንድሮ ጋራዤን ዘጋሁ። ዳዶውን ከቡሎኑ ጥርስ ጋር ማገናኘት እስኪያቅተኝ ድረስ እጄ ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ሆኖ መሥራት በሰው ሕይወት መጫወት ስለሆነ ቁልፉን ለጀማል ሰጠሁት። ጀማል የሰይድ ልጅ ነው። ሰይድ ማን እንደሆነ ወደፊት እመጣበታለሁ፤ ለአሁኑ በጋራዤ በር ላይ በአሮጌ ጎማ ተቀምጦ፣ ክራንቹን ከጎኑ አስደግፎ የሚውል፣ አንድ እግር ያለው ሰው መሆኑን ማወቅ ይበቃል።

ጀማል እንደኔ አይደለም። መፍቻ ከመያዙ በፊት ኮምፒውተር ይይዛል። ከመሪው ሥር ባለው ቀዳዳ ሽቦ ይሰካል፣ የሆነ ነገር ይነካካል፣ መኪናው ሲነሣ ጉልበቱ ጨምሮ ይነሣል። ደሴ ሄዶ የተማረው ይህን ነው። ጋራዡን በተረከበ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦

«አባባ ይመር፣ ይኼ ሁሉ ጉልበት ሞተሩ ውስጥ ካለ ፋብሪካው ራሱ ለምን አይሰጠንም? ለምን ለእኛ ይተወዋል?»

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ሰይድ ከጎማው ላይ ሳቀ።

«ጠይቀው ልጄ፣ ጠይቀው! እኔ መልሱን በእግሬ ነው የገዛሁት። ላንተ በነጻ ይንገርህ።»

በነጻ መናገር አልወድም፤ ግን ጥያቄው ጥያቄ ነው። የሥራ ዘመኔም በሙሉ እዚህ ጥያቄ ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ሥራ የጀመርኩት ውጫሌ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። የተቀጠርኩት ድንጋይ ለመጫን ነበር። አንድ ቀን አሸዋ የጫነ መኪና ቆሞ ሾፌሩ ሲራገም እኔ ጆሮዬን ኮፈኑ ላይ ደግፌ «ናፍጣው አየር ገብቶበታል» አልኩት። ማን አስተማረህ ቢባል ማንም። ሾፌሩ ሰደበኝ፤ ከኋላው የቆሙት ቀጭን ሰው ግን ናፍጣ ማስተላለፊያውን ፈተው አዩና «ከነገ ጀምሮ እኔ ዘንድ ትመጣለህ» አሉኝ። ሰውዬው ጋሽ እንድሪስ፣ የካምፑ ዋና መካኒክ ነበሩ። ደመወዜ ከድንጋይ ጫኝ ደመወዝ ብዙም ያልበለጠ ነበር፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም። የካምፑ አለቃም «ነገ ይድረስልኝ» ከሚለው ቃል ሌላ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ጋሽ እንድሪስ አይቸኩሉም ነበር። ጠዋት ንጹሕ ጆንያ መሬት ላይ ያነጥፋሉ፣ ቢስሚላህ ብለው የመጀመሪያውን ቡሎን ይፈታሉ፣ የተፈታውን ሁሉ በናፍጣ አጥበው ከግራ ወደ ቀኝ በተራ ይደረድራሉ። ጆንያውን የረገጠ ሰው ያን ቀን ከእሳቸው ጋር አይሠራም። በቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ የመዶሻ ጠባሳ ነበረች። ከጥፍሩ ጫፍ እስከ ጠባሳዋ ያለችው ርቀት መለኪያቸው ናት። ዓይናቸውን ጨፍነው ብረቱን በዚያ ጣት ይዳብሱታል።

ከሁሉም የሚበልጠው ልማዳቸው ይህ ነበር፦ ከሁለት የተለያዩ መኪኖች የወጡ ሁለት ተመሳሳይ ዕቃዎችን ጆንያው ላይ ጎን ለጎን ያስቀምጡና ይጠሩኛል።

«ይመር፣ እነዚህ ምንና ምን ናቸው?»

«አንድ ናቸው ጋሽ እንድሪስ።»

«አንድ መሆናቸውንማ ዕውርም በዳበሳ ያውቀዋል። የተለየውን አሳየኝ።»

እስካሳይ ድረስ ሥራው አይቀጥልም። አንዳንዴ ልዩነቱ አንዲት ቀዳዳ ናት፤ አንዳንዴ የብረቱ ክብደት። አንዳንዴ ምንም ልዩነት የለም፤ ያን ጊዜ «ጎሽ፣ እነዚህ እህትማማቾች ናቸው» ይሉና ይስቃሉ።

እኔ የዚያን ጊዜ የገረመኝ የእህትማማቾቹ ብዛት ነው። በስም የማይገናኙ፣ በዋጋ የማይቀራረቡ መኪኖች ሆዳቸው ሲከፈት አንድ ዓይነት የውኃ ፖምፓ፣ አንድ ዓይነት ፍሪሲዮን፣ አንድ ዓይነት የበር እጀታ ይወጣቸዋል። ባለ ፋብሪካው አጭበረበረ አልኩ። አዲስ መኪና ነው ብሎ የድሮውን ዕቃ ሸጠልን አልኩ።

ጋሽ እንድሪስ ሐይቅ ዳር የተወለዱ ሰው ናቸው፤ አባታቸው ታንኳ ሠሪ ነበሩ። እንዲህ አሉኝ፦

«አባቴ ታንኳ ሲሠራ ቋጠሮው አንድ ነው። ለትልቁም ለትንሹም ታንኳ ያችኑ ቋጠሮ ነው የሚቋጥረው። አዲስ ቋጠሮ አያውቅም መስሎህ ነው? ያውቃል። ነገር ግን ያች ቋጠሮ መሃል ሐይቅ ላይ በማዕበል ተፈትናለች። አዲሷን ማን ፈተናት? ባለ ፋብሪካውም እንዲሁ ነው። አንዲት ዕቃ ለማውጣት ማተሚያ ብረት ይቀርጻል፣ ይሰብራል፣ ያቀልጣል፣ በብርድ በሙቀት ይፈትናል። ፈተናውን ካለፈች በኋላ በየመኪናው ይገጥማታል። አውቆ ነው። አንተ ደግሞ ውጫሌ ተቀምጠህ መለዋወጫ የምታገኘው በዚህ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዱ መኪና የየራሱ ዕቃ ቢኖረው ኖሮ እኔና አንተ እስካሁን ድንጋይ እንጭን ነበር።»

ይህን ትምህርት ግማሹን ብቻ ነው የወሰድኩት። አንድ የሆነውን ወሰድኩ፤ የተለየውን ለእሳቸው ተውኩት።

ካምፑ ሲፈርስ ሐይቅ መጥቼ ወደ ደሴ መውጫው ላይ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። ያን ጊዜ ነው ስሜ የወጣው። ግድግዳዬ ላይ በሽቦ ጥንድ ጥንድ አድርጌ የሰቀልኳቸው ዕቃዎች ነበሩ፤ የሚኒባሱ ከፒካፑ፣ የፒካፑ ከአውቶቡሱ። ደሴ «የለም» የተባለ ዕቃ እኔ ዘንድ ከሌላ መኪና ይወለዳል። ለአንድ የቄስ ልጅ ሠርግ ሙሽሮቹን የምታመጣዋ መኪና ተሰብራ ሚዜዎቹ እንደ ለቅሶ ሰው በር ላይ ሲቆሙ፣ ከወፍጮ ቤት ጀኔሬተር ላይ ያወለቅኩትን ቺንጋ ገጥሜ ሸኝቻቸዋለሁ። ሙሽራዋ እልል አለችልኝ። ሰው እንዲህ ሲለው የማይኮራ ካለ እሱ መልአክ ነው።

ሰይድ የመጣው ያኔ ነው። ሳዑዲ ወጣትነቱን ጨርሶ የተመለሰ፣ ቀልደኛ፣ ሳቁ ከሰውየው ቀድሞ ጋራዥ የሚገባ ጎልማሳ ነበር። ያጠራቀመውን ሁሉ አንዲት ባለ ናፍጣ ፒካፕ ላይ አዋለው። ከኋላ አግዳሚ አስገጥሞላት፣ ሸራ አልብሷት፣ በአዘቦት እህልና ዓሣ፣ በንግሥ ሰሞን ደግሞ በደሴ በኩል የግሸን ተሳላሚ ያመላልሳል። ሰይድ ሙስሊም ነው፤ ተሳላሚዎቹ ግን «የሰይድ መኪና ትምጣልን» ይሉ ነበር፤ መንገድ ላይ አዝማሪ አያስፈልጋቸውም፣ እሱ ራሱ በአምባሰል ዜማ ያንጎራጉርላቸዋል።

መኪናዋ ጤነኛ ነበረች። ግን ትንሿ እህት ናት። በዚያው ፋብሪካ የተሠራች፣ መልኳ አንድ ዓይነት፣ ሞተሯም አንድ ዓይነት የሆነች፣ ጉልበቷ ግን በጣም የበለጠ ትልቅ እህት ነበረቻት፤ ዋጋዋ ለሰይድ የማይቀመስ። ትንሿ ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ገብታ ስታቃስት ሌሎቹ ሾፌሮች እያለፏት በመስኮት ይጮኹ ነበር።

«ሰይድ! ወርደን እንግፋልህ?»

«ሰይድ፣ ግመሏን ከጅዳ ነው ያመጣሃት?»

አንድ ቀን ሰይድ ሳይስቅ መጣ። ያኔ ነው ነገሩ እንደከበደው ያወቅኩት።

«አያ ይመር፣ ተሳላሚው እየተወኝ ነው። ቀድሞ በሚደርሰው ይሄዳል። ይቺ መኪና ካላበላችኝ ተመልሼ ዓረብ አገር መግባቴ ነው። ጀማል ገና መራመዱ ነው፣ ትቼው መሄድ አልፈልግም። በአላህ ይሁንብህ፣ ጉልበት ስጣት።»

ደሴ አንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ የተጋጨች ትልቅ እህት እንደቆመች አውቅ ነበር። የናፍጣ ፖምፓዋና ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገድደው ተርቦ ደህና ናቸው። ሄጄ አየኋቸው፤ ቡሎኖቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች ሳይቀሩ አንድ ናቸው። አወለቅኳቸውና ይዤ ተመለስኩ። ስወጣ መሬት ላይ የተጣለ የኋላ ጎማ ብረት ነበር፤ ተራምጄው አለፍኩ። ይህን ለምን እንደማስታውሰው በኋላ ይገባችኋል።

ዕቃውን ስገጥም ጋሽ እንድሪስ ለመድኃኒት ሐይቅ መጥተው ሊጠይቁኝ ጎራ አሉ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ከዘራ ይዘዋል። መኪናዋን ዞሩና ከኋላዋ ቆሙ።

«ልዩነቱን አየኸው?»

«ምን ልዩነት አለ ጋሽ እንድሪስ? እናትና አባታቸው አንድ ነው። ቡሎኑ እንኳ አንድ ነው።»

«የኋላ ጎማዋን አውልቅልኝ።»

ሰይድና ሌሎች ሾፌሮች ቆመው ያዩናል። እኔ ደግሞ ስሜ ወጥቷል።

«ሞተሩ እኮ ከፊት ነው ያለው» አልኳቸው። «ዓይንዎ ደከመ እንዴ?»

ሾፌሮቹ ሳቁ። ጋሽ እንድሪስም ፈገግ አሉ፤ ግን ከዘራቸውን የኋላ ጎማው ላይ እንዳሳረፉ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ «በሉ ይቅናችሁ» ብለው ሄዱ።

መኪናዋ ስትነሣ የተለየች ፍጥረት ሆነች። ወደ ደሴ የሚወስደውን ዳገት ሰይድ በሦስተኛ ማርሽ ወጣው። ሲመለስ ከመኪናው ወርዶ ግንባሬን ሳመኝ። «ክንፍ አበቀልክላት አያ ይመር! ወላሂ ክንፍ!» ከዚያ ወዲያ «ክንፍ የሚያበቅለው ይመር» እየተባልኩ ተጠራሁ። ደረቴን ነፋሁ። ዛሬም ቢሆን እላለሁ፦ ያን ሥራ እንደኔ አድርጎ የሚሠራው ሌላ መካኒክ በዙሪያው አልነበረም። ሞተሩ አንድም ቀን ጨሶ፣ አንድም ቀን ሞቆ አያውቅም።

ጉልበት ያገኘ ሰው ግን በልክ አይጭንም። ሰይድ አግዳሚው ላይ ሰው ጨመረ፤ ከሰው በላይ ጓዝ፣ ከጓዙ በላይ ጆንያ። ለምን አይጨምር? ዳገቱን እንደ ሜዳ ትወጣዋለች።

ከግሸን መልስ ነው የሆነው። ተሳላሚው ጠግቦ፣ ጸበሉን በየጄሪካኑ ይዞ፣ እየዘመረ ይወርዳል። ቁልቁለቱ መሃል ላይ የሚቃጠል ሽታ መጣ። ሰይድ ፍሬኑን ረገጠ፣ ያዘ፤ ደግሞ ረገጠ፣ ላላ፤ ሦስተኛው ላይ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ሰመጠ። በቀኙ ገደል ነው። ሰይድ መሪውን ወደ ተራራው ሰበረና በራሱ በኩል ድንጋዩን አስመታው። ሌላ ሾፌር ቢሆን ወደ ውጭ ይዘል ነበር። እሱ ግን በራሱ በኩል ነው ያስመታው። ብዙዎቹ በስብራትና በመላላጥ ተረፉ። አንድ የአምባሰል ሽማግሌ ግን ከሆስፒታል አልተመለሱም። የሰይድ እግር ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

የሽማግሌው ቤት የሚወስደውን መንገድ እስከ ዛሬ አልሄድበትም። ለቀብራቸው ሄጄ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ልጃቸው ውኃ አቀበለኝ። ያ ውኃ ነው መንገዱን የዘጋብኝ።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዤ መጣች። ኮፈኗን ፈልቅቄ ባትሪ አገናኘሁና ቁልፉን ብጠመዝዘው ሞተሩ ተነሣ። እንደ ሰዓት ይመታል። ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ የገባው ነገር ደስታ ነበር፤ ልደብቀው አልችልም። ጋሽ እንድሪስ ከውጫሌ በአውቶቡስ መጥተው በር ላይ ቆመዋል።

«ሞተሩ ምንም አልሆነም» አልኳቸው።

«ሞተሩማ ምን ይሆናል? ሞተር ቁልቁለት አይፈራም።»

ጆንያ ይዘው ነበር። አነጠፉት። ክሪክ አስመጥተው የኋላ ጎማዋን አስወለቁኝ፤ ከጎማው በስተጀርባ ያለውን እንደ ከበሮ ያለ ብረት፣ እኛ ታምቡር የምንለውን፣ ጆንያው ላይ አስቀመጡት። ሌላ ታምቡር ደግሞ በማዳበሪያ ከረጢት ይዘው መጥተዋል። አስቀድመው ደሴ ሄደው ያችን የተጋጨች ትልቅ እህት ፈልገዋል፤ መሬት ላይ የነበረው፣ እኔ የተራመድኩት ብረት ነው። ጎን ለጎን አደረጓቸው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። ሲገለበጡ የትልቋ ውስጡ ይጠልቃል፤ ፍሬኑ የሚይዝበት ሸራም የዚያኑ ያህል ይሰፋል። ጋሽ እንድሪስ አውራ ጣታቸውን አስገቡበት። ልዩነቱ ልክ እስከ ጠባሳዋ ነበር።

«አሁን የተለየውን አሳየኝ።»

«ሰይድ ከልክ በላይ ጭኖ ነው» አልኳቸው።

«ጭኗል። ለምን ጫነ?»

ለብዙ ዓመት ሰው ሁሉ ሲጠይቀኝ «ጭነቱ ነው» እያልኩ ኖሬአለሁ፤ ጭነቱም እውነት ነው። ጋሽ እንድሪስ ግን ቁጣ አያውቁም፤ እንደ ድሮው ሊያስተምሩኝ ተቀመጡ።

«ባለ ፋብሪካው ለትንሿ ጉልበት መስጠት አቅቶት ነው የመሰለህ? ያንኑ ፖምፓ ለእህቷ የሰጠው እሱ አይደለም? አንዲት ጉልበት ሲጨምር ፍሬኑን ሊያሰፋ፣ ማቀዝቀዣውን ሊያሳድግ፣ ጭነት የሚሸከመውን ባሌስትራ ሊያደድር ነው። ያን ሁሉ ሲጨርስ ሌላ መኪና ትሆናለች፤ ዋጋዋም ሌላ ነው። ስሟ ትልቋ እህት ነው። ለትንሿ ገዢ ደግሞ በልኳ ሠራላት፤ ከልኳም ጥቂት ትርፍ አስቀመጠላት። ትርፉ የተቀመጠው ዘይት ለማይቀይረው ነው፣ ውኃ የገባበት ናፍጣ ለሚቀዳው ነው፣ አንድ ሰው አብልጦ ለሚጭነው ነው። ባለ ፋብሪካው የማያውቀው ሰው የማያውቀው መንገድ ላይ ሲነዳት እሱ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ ትርፉን አይነካም። ልነካ የሚል ሰው ካለ መንገዱን አልዘጋም፤ ንካ፣ ግን ተጠያቂው አንተ ነህ ነው የሚለው። አንተ ትርፉን አውጥተህ ለዳገቱ ሰጠኸው። ለቁልቁለቱ ምን ተረፈ?»

ተነሥተው ጆንያቸውን አጠፉ። በር ላይ ደርሰው ዞሩ።

«አንድ የሆነውን ዕቃ አትፍራው ይመር፤ ፈትኖ ነው የደገመው። ከሁሉም ነገር መሃል ገንዘብ አውጥቶ የለወጠው ዕቃ ካለ ግን እዚያ ላይ ቁም። በከንቱ አልለወጠውም።»

ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ግድግዳዬ ላይ የነበሩትን ጥንዶች ጦርነቱ ሲመጣ ማን እንደወሰዳቸው አላውቅም፤ ከሸሸንበት ስንመለስ ሽቦው ብቻ ነበር። የሰይድ መኪና ሞተር ዛሬ አምባሰል ውስጥ ወፍጮ ያዞራል። ዛሬም አይጨስም።

ሰይድ አልተጣላኝም። ክፉው ይህ ነው። ከሆስፒታል ወጥቶ ሲሻለው መጥቶ በሬ ላይ ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ጠዋት ጠዋት «አያ ይመር፣ ዛሬ ለማን ክንፍ ታበቅላለህ?» ይለኛል። ሰው ይስቃል፣ እኔም እስቃለሁ። ጋራዡን ልዘጋ መሆኑን የሰማ ቀን ግን ሳይስቅ ተናገረኝ፤ ሳይስቅ ሲናገር ያየሁት ሁለተኛ ጊዜ ነው።

«ለጀማል ስጠው። ሥራ ካልያዘ በባሕሩ ሊሄድብኝ ነው። እኔ በአውሮፕላን ሄጄ ነው የተመለስኩት፤ እሱ በጀልባና በበረሃ ነው የሚሄደው። በዚያ የሄዱትን የጎረቤት ልጆች ታውቃለህ። ስንቱን ለቅሶ ሬሳ ሳይኖር ተቀመጥን?»

ለዚህ ነው ቁልፉ ጀማል እጅ ያለው።

የጀማልን ጥያቄ መለስኩለት፤ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። በአክብሮት ሰማኝ። ወጣት ሲሰማ ግን መስማቱና ማመኑ ለየብቻ ነው። መስከረም ሲገባ ሞላ የሚባል የከተማችን ሾፌር ሚኒባሱን ይዞ መጣ። ለሃያ አንዱ የግሸን ንግሥ ተሳላሚ ተቀብሏል፤ ዳገቱ ላይ እንዳታሳፍረው ጉልበቷ ይከፈትለት ይላል። ጀማል ሽቦውን አውጥቶ ሊሰካ ነው።

«የኋላ ጎማዋን አውልቅ» አልኩት።

ሞላ ገላምጦ አየኝ። «አባባ ይመር፣ ኮምፒውተሩ የሚሰካው ከመሪው ሥር ነው። ዓይንዎን ይታከሙ እንጂ!»

በር ላይ ሰይድ መሳቅ ጀምሮ አቆመ። እኔም የራሴን ድምፅ ከሞላ አፍ ሰማሁት።

ጀማል ሽቦውን አስቀመጠ። ለእኔ ብሎ ይሁን ለአባቱ ብሎ አላውቅም፤ ክሪኩን አምጥቶ ጎማዋን አወለቀ። ጆንያም አነጠፈ፤ ይህን ከማን እንደተማረው አልጠየቅኩትም። የዚህችኛዋ ትልቅ እህት ደሴ በብዛት አለች፤ ጀማል በስልኩ ደውሎ የታምቡሯን ልክ አስነገረ፣ ከዚህችኛዋ ጋር አስተያየ። የትንሿ ጠባብ ነው። ሸራውም ሳስቷል።

«ሞላ፣ ፍሬኑን የትልቋን እናስገጥም፣ ከዚያ እከፍትልሃለሁ» አለው።

«ፍሬን ፈልጌ ነው እንዴ የመጣሁት? እኔ መሄድ ነው የምፈልገው አንተ ማቆም ታወራለህ!» ሞላ ጎማውን ራሱ አጠበቀ። «ደሴ ቁርሴን በልቼ ሳልጨርስ ይጨርሱልኛል። አንተ ከሽማግሌዎችህ ጋር ተቀመጥ።»

ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ዳገቱን ሲወጣ በር ላይ ሆነን ሰማነው። ጉልበቷ መከፈቱን ለመናገር የእኔ ጆሮ አያስፈልግም፤ ሰይድ እንኳ አወቀ። ማታ ሲወርድ በጋራዡ ፊት ሲያልፍ ጥሩምባውን ረጅም አድርጎ ነፋብን። በነጋታውም ነፋብን። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ሆነ። ወሬው በረረ፤ የሐይቅ ሾፌሮች ደሴ እየሄዱ ማስከፈት ጀመሩ፣ ጀማል ዘንድ የሚመጣው ጎማ የተነፈሰበት ብቻ ሆነ።

«አባባ» አለኝ ከትናንት ወዲያ፣ ስልኩን እያገላበጠ፣ «ፍሬን እየመረመሩ እንጀራ አይበላም። ሞላ ምን ሆነ? ይኸው ይወጣል ይወርዳል። ጅዳ ያሉት ልጆች ደውለዋል፤ የሚያሻግር ሰው አለ ብለውኛል።»

ሰይድ ሰማ። አንገቱን አላዞረም። ክራንቹን ከግድግዳው አንሥቶ ጭኑ ላይ አጋደመው።

ምን ልበለው? ሞላ በደህና በወረደ ቁጥር ጀማል ወደ ባሕሩ አንድ እርምጃ ይቀርባል። በደህና እንዳይወርድ ደግሞ የሚመኝ ምን ዓይነት ሰው ነው? እኔ በሕይወቴ ያልፈታሁት የመኪና ችግር የለም፤ ይህን ግን በየትኛው መፍቻ እንደምይዘው አላውቅም። ያን ዕለት ማታ ጥሩምባው ሲነፋ ከሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ተቆጣ፤ ለምን ደህና ገባ ብሎ የተቆጣ ይመስላል። በዚያ ጉዳይ ከራሴ ጋር ዛሬም አልታረቅኩም።

ዛሬ ተሳላሚው ከግሸን የሚመለስበት ቀን ነው። ሞላ ትናንት ጠዋት ሲወጣ አየነው፤ አግዳሚው ሞልቶ መተላለፊያው ላይ ሰው ቆሟል፣ ጣሪያው ላይ ጓዝና ጄሪካን ተከምሯል። አንዲት እናት በመስኮት ለእኛም እጇን አውለበለበችልን። ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣው።

አሁን ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘንብላለች። ሌሎቹ መኪኖች አንድ አንድ እያሉ እየዘመሩ ገብተዋል። ይህን የምጽፈው በር ላይ ተቀምጬ ነው። ሰይድ ጎማው ላይ ነው፤ ዛሬ አንድም ቀልድ አልወጣውም። ጀማል ስልኩን ኪሱ ከቶ ከጎኔ ቆሟል፤ «አባባ፣ የእርስዎ ጆሮ ይሻላል፣ ይሰማዎታል?» እያለ ይጠይቀኛል።

ገና ነው እለዋለሁ። በዕድሜዬ ብዙ ሞተር ሰምቻለሁ፤ ብዙ ሰውም አጨብጭቦልኛል። ዛሬ ግን ያንን የፌዝ ጥሩምባ፣ ረጅም ተደርጎ፣ እኔን ለማዋረድ ሲነፋ ብሰማው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።